ኮሪያዊ ያልሆነ የኮሪያኛ ሊቅ፦ ሳሙኤል ማርቲን ምን ሠራ? አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?

የተጠየቅኩት ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ የሥነ ልሳን ተማሪ ነኝ። ኮሪያኛን በራሴ ጀምሬ አሁን ደህና አነባለሁ። ስለ ኮሪያኛ የተጻፈ ነገር በገለጥኩ ቁጥር ሳሙኤል ማርቲን የሚባል አሜሪካዊ ይጠቀሳል። ኮሪያዊ ሳይሆን እንዴት እዚህ ደረሰ? ዕድሜውን ሙሉስ ምን ሲሠራ ኖረ? እኔ ሌላ ቋንቋ ሳልነካ ኮሪያኛ ላይ ብቻ ማተኮር እፈልጋለሁ። በዚህ መንገድ እንጀራ ይገኛል ወይስ ቅዠት ነው?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ቅዠት አይደለም። ግን «ኮሪያኛ ላይ ብቻ» ያልሽውን ተይው። ማርቲን ኮሪያኛ ጋ የደረሰው በሌላ ቋንቋ በኩል ነው። ከሱ በፊትና በኋላ የመጡ ብዙዎችም እንዲሁ። ታሪኩን ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሳሙኤል ማርቲን በጥር 1924 ካንሳስ ውስጥ ፒትስበርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው እዚያው ካንሳስ፣ ኤምፖሪያ ነው። መሀል አሜሪካ ማለት ነው፤ ከእስያ በጣም ሩቅ። ከእስያ ያገናኘው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ጃፓንኛ የሚችል መኮንን ቸገራት። ወጣቶችን እየመረጠች በጥድፊያ ማስተማር ያዘች። ማርቲንም ከነሱ አንዱ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ጃፓን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1947 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1949 ደግሞ ማስተርሱን ያዘ። ማስተርሱን የሠራው በዩዌን ሬን ቻዎ ሥር ነው። ቻዎ ሒሳብ የተማረ፣ ዜማ የሚደርስ፣ የቻይንኛ ዘዬዎችን ሰምቶ የማይጠግብ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ መምህር መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ጆሮም ይሰጣል። ከበርክሌይ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ ደግሞ በርናርድ ብሎክን አገኘ። ብሎክ ያኔ በአሜሪካ የሥነ ልሳን ጥናት ውስጥ ትልቅ ስም ነበረው፤ ጃፓንኛንም ያጠና ነበር። ማርቲን በ1950 ዶክትሬቱን ጨረሰ። ርዕሱ ስለ ጃፓንኛ ነው። ከሦስቱም ዲግሪዎቹ አንዱም «የኮሪያኛ ዲግሪ» አይደለም። ዬል ወዲያው ቀጠረው። እስከ 1994 ጡረታው ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

ዶክትሬቱን በያዘበት ዓመት የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲደርስ፣ ማርቲን በዚያው ዓመት ስለ ኮሪያኛ ድምፆች የጻፈው ጥናት ታተመ። በ1954 ሁለት ነገር አወጣ። አንደኛው ለሊቃውንት የተጻፈ ጠንካራ ጥናት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለቸኮለ የውጭ ሰው ኮሪያኛ የሚያስተምር ቀጭን መጽሐፍ። ይህን ልብ እንድትይልኝ እፈልጋለሁ። ለጀማሪ መጽሐፍ መጻፍን ከሙያው በታች አድርጎ አላየውም። በኋላም በ1969 ከአንዲት ኮሪያዊት ባልደረባው ጋር የጀማሪዎች መማሪያ አውጥቷል።

የ1954ቱ ጥናት የሚያወራው ቃላት ከጎረቤታቸው ጋር ሲገናኙ ድምፃቸው እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ባለሙያዎች ሞርፎፎነሚክስ ይሉታል። ኮሪያኛ ስለምታነቢ አንድ ምሳሌ ይበቃሻል። «ዋጋ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር «ካፕ» ይላል። የባለቤት ምልክት ሲጨመርበት «ካፕሲ» ይሆናል። «ብቻ» የሚለው ሲከተለው ደግሞ «ካምማን»። ቃሉ አንድ ነው፤ መልኩ ሦስት። ታዲያ ተናጋሪው ጭንቅላት ውስጥ ያለው የትኛው ነው? ማርቲን ሦስቱንም የሚያስገኝ አንድ ስውር ቅርፅ ይፈልግና ከዚያ የሚወጡበትን ሕግ ይጽፋል። ለቋንቋው በሙሉ ይህን አደረገ። ኮምፒውተር የለ፣ ዳታቤዝ የለ።

በላቲን ፊደል ኮሪያኛን የሚጽፍበት ዘዴም የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። «የዬል አጻጻፍ» ይባላል። አንቺን ያደናገረሽ ይመስለኛል፤ ያላደናገረው የለም። ሴኡልን በዬል አጻጻፍ ያየ ቱሪስት ከተማዋን አያውቃትም። ዘዴው የተሠራው ለመንገድ ምልክት አይደለማ። የሚጽፈው ጆሮ የሚሰማውን ሳይሆን ከሥር ያለውን ቅርፅ ነው። «ዋጋ» ሦስት ቦታ ሦስት መልክ ቢኖረውም በዬል አጻጻፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይጻፋል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በ2000 ያወጣው ዘዴ ወደ አነጋገሩ ያደላል፤ ለፓስፖርትና ለካርታ እሱ ይሻላል። የሥነ ልሳን ሰዎች ግን አሁንም የሚመርጡት ዬልን ነው። ተማሪዎች ሲያማርሩ እሰማለሁ። አንድ ሳምንት ታገሺው፣ ይለመዳል።

በነዚያው ዓመታት አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። በ1953 የፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ መንግሥት የሃንጉል፣ ማለትም የኮሪያ ፊደል፣ አጻጻፍ ወደ ድሮው፣ ቀለል ወዳለው መንገድ ይመለስ ብሎ አዘዘ። ሊቃውንቱ ተነሡበት። ክርክሩ ጋዜጦችን ሞላ። በ1955 መንግሥት ትእዛዙን ሳበው። በመሀሉ ሪ የማርቲንን አስተያየት ጠየቀ፤ ሐሳቡም በኮሪያ ጋዜጦች ወጣ። አስቢው፣ ሰውዬው ሠላሳ ዓመቱ ነው። የአንድ ሕዝብ ፊደል እንዴት ይጻፍ ተብሎ የተጠየቀ የካንሳስ ልጅ። እኔ ብሆን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላስተካክል። ጥያቄሽ ኮሪያኛን ለዓለም ያስተዋወቀው ማርቲን ብቻ እንደሆነ ያስመስለዋል። አይደለም። ኮሪያውያን የራሳቸው የቋንቋ ጥናት ነበራቸው፤ ዋጋውንም በደም ከፍለውበታል። ጁ ሲግዮንግ በ1914 ገና በ37 ዓመቱ ሲሞት ዘመናዊውን የኮሪያኛ ሰዋስው መሠረት ጥሎ ነበር። መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ ስለሚያስተምር «ጁ ጥቅልል» ይሉት ነበር። ተማሪዎቹና የተማሪዎቹ ተማሪዎች የኮሪያኛ ቋንቋ ማኅበርን አቋቋሙ። በ1933 የአጻጻፍ ሕግ አወጡ። ትልቅ መዝገበ ቃላትም ጀመሩ። ያኔ አገራቸው በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ኮሪያኛ ከትምህርት ቤት እየተባረረ ነበር።

በ1942 የጃፓን ፖሊስ የማኅበሩን ሰዎች ማሰር ጀመረ። ወንጀሉ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ፣ ዪ ዩንጄና ሃን ጂንግ፣ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። የመዝገበ ቃላቱ ረቂቅ ለማስረጃ ተብሎ ተወሰደና ጠፋ። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ በመስከረም 1945 ሴኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947 ታተመ። ስድስተኛውና የመጨረሻው በ1957።

ማርቲን በዬል የራሱን የኮሪያኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው። ብቻውን አይደለም። ሊ ያንግሃ እና ቻንግ ሱንግኡን የሚባሉ ኮሪያውያን አብረውት ሠርተዋል። ሊ ያንግሃ በአገሩ የሚታወቀው በወግ ጽሑፎቹ ነው፤ የኮሪያ ተማሪ ሁሉ ያነበበው ጸሐፊ። በ1963 ሞተ፤ መጽሐፉን ታትሞ አላየውም። ሽፋኑ ላይ ሦስት ስም አለ። ሲጠቀስ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው አንዱ ነው። ይሄ የእኛ ሙያ መጥፎ ጠባይ ነው፤ አንቺ ስትጽፊ ሦስቱንም ጥሪ።

እኔ ከማርቲን ሥራዎች ሁሉ መጀመሪያ አንብቢ የምልሽ ግን መዝገበ ቃላቱን አይደለም። በ1964 የወጣች ስለ ጃፓንና ኮሪያ የአክብሮት አነጋገር የምታወራ አጭር ጽሑፍ ናት። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ እሷን ያነበበ ሰው ይደነግጣል። ማርቲን አክብሮትን በሁለት መስመር ይከፍለዋል። አንደኛው ስለ ማን እንደምናወራ ነው። ሁለተኛው ለማን እንደምናወራ።

የመጀመሪያውን እኛም አሳምረን እናውቀዋለን። ስለ ጎረቤት ልጅ «መጣ» እንላለን፣ ስለ አባቱ «መጡ»። ጓደኛዬ ጋር ሆኜ ስለ አያቴ ሳወራ «መጡ» ነው የምለው። የሰሚው ማንነት ግሱን አይለውጠውም። ሁለተኛው መስመር ላይ ግን መንገዳችን ይለያያል። «ዝናብ እየዘነበ ነው» በይ። ለሕፃን ልጅ ብትነግሪው ያው ነው። ለሚኒስትር ብትነግሪው ያው ነው። ዝናብን ማን ያከብራል! ኮሪያኛ ግን እዚህም ላይ ግሱን ይለውጣል። ለእኩያሽ «ፒጋ ዋ» ትያለሽ። ለማታውቂው ሰው «ፒጋ ዋዮ»። ዜና አንባቢው ደግሞ «ፒጋ ኦምኒዳ»። የሚከበረው ዝናቡ አይደለም፣ ሰሚው ነው። ሁለቱም መስመሮች በአንድ ግስ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ድራማ ላይ ሰው በድንገት አነጋገሩን ሲለውጥ ሌላው የሚቆጣው ለዚህ ነው።

ይህን የመሰለ ነገር ለመናገር ማርቲን ኮሪያኛን ብቻ ማወቅ አልበቃውም። ጃፓንኛን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው ያየው። አንቺ ደግሞ አማርኛን ልታስቀምጪ ትችላለሽ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በ1966 ማርቲን ብዙ ያነጋገረ ጽሑፍ አወጣ። ኮሪያኛና ጃፓንኛ ከአንድ አባት የተወለዱ ናቸው የሚል ነው። 320 ጥንድ ቃላት አቀረበ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች «ይመሳሰላሉ» እያሉ ቃል ይደረድሩ ነበር። ማርቲን ድምፅ ለድምፅ የሚጣጣምበትን ሕግ ነው ያወጣው። ድብ በኮሪያኛ «ኮም»፣ በጃፓንኛ «ኩማ» ነው። ደሴት «ሶም» እና «ሺማ»። ያሳምናል አይደል? ችግሩ ሁለቱ ሕዝቦች ጎረቤት መሆናቸው ነው። ጎረቤት ቃል ይበዳደራል። የቱ የተወረሰ፣ የቱ የተበደሩት? በ2010 አሌክሳንደር ቮቪን የሚባል ሊቅ፣ ቀድሞ ዝምድናውን ይደግፍ የነበረ ሰው፣ ሐሳቡን ለውጦ አብዛኛው ብድር ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። ክርክሩ አላለቀም። እኔን ከጠየቅሽኝ 320ዎቹ ሁሉ አይቆሙም። ግን ዛሬ የሚከራከሩትም የሚከራከሩት ማርቲን ባስያዘው ሥርዓት ነው።

የመጨረሻውና ትልቁ ሥራው በ1992 የወጣው የኮሪያኛ ማጣቀሻ ሰዋስው ነው። ከ1000 ገጽ በላይ ነው። ዎልፍ ሌስላው ለአማርኛ በ1995 ያወጣውን ግዙፍ ሰዋስው አይተሽው ከሆነ ዓይነቱ ይገባሻል። ሁለቱም አንድ ዕድሜ የተከማቸበት ሥራ ነው። ማርቲን የዛሬውን ኮሪያኛ ብቻ አልጻፈም። ሃንጉል በ15ኛው መቶ ዘመን ሲፈጠር የነበረውን ኮሪያኛም አብሮ ይዞታል። የዚያ ዘመን መጻሕፍት ከፊደሉ በስተግራ ነጥብ አላቸው። አንድ ነጥብ ከፍ ያለ ድምፅ ነው፣ ሁለት ነጥብ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ምንም ከሌለው ዝቅ ያለ። ያኔ ኮሪያኛ ዜማ ነበረው። ሴኡል ዜማውን ጣለች፤ በደቡብ ምሥራቅ ያሉ ዘዬዎች ግን እስከ ዛሬ ምልክቱን ይዘዋል። የማርቲን ተማሪ የነበረው ሮበርት ራምዚ ነጥቦቹን ከዘዬዎቹ ጋር አያይዞ አጥንቷል። እሱ ከሊ ኪሙን ጋር በ2011 ያወጣው የኮሪያኛ ታሪክ አሁን የዘርፉ መነሻ መጽሐፍ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። በ1961 የዳጉር ሞንጎልኛን ሰዋስው ጻፈ። በ1975 የጃፓንኛውን፣ እሱም ከ1000 ገጽ በላይ። በ1987 የጃፓንኛን ታሪክ። በ1994 ደቡብ ኮሪያ ሸለመችው። ጡረታ ወጥቶም መሥራት አላቆመም። በኅዳር 2009 በ85 ዓመቱ በዋሽንግተን ግዛት፣ ቫንኩቨር ከተማ አረፈ።

አሁን ወደ አንቺ። ያልኩሽን ሌሎቹም ላይ ተመልከቺው። ከማርቲን በፊት በ1939 የኮሪያኛን ሰዋስው የጻፈው ራምስቴት ፊንላንዳዊ ነው። በቶኪዮ የአገሩ መልእክተኛ ነበር፤ መነሻው ሞንጎልኛ ነው። በሃዋይ ያስተማረው ኮሪያዊው ሶን ሆሚን ለኮሪያኛ ጥናት ትልቅ ስም ነው። እሱም በፊት በፓስፊክ ደሴቶች የሚነገሩ ቋንቋዎችን ሰዋስው ጽፏል። ሮስ ኪንግ ደግሞ ሩሲያኛ ስለሚያውቅ ሌላው ያልነካውን ነካ። ስታሊን በ1937 ወደ መካከለኛው እስያ ያጋዛቸውን ኮሪያውያን ዘዬና ሩሲያውያን ስለ ኮሪያኛ የጻፉትን አጠና። ኮሪያኛን ብቻ የሚያውቅ ሰው በሴኡል በሺዎች ይገኛል። ካንቺ የሚፈለገው እነሱ የሌላቸው ነገር ነው።

አንቺ ጋ አማርኛ አለ። ይህን አትናቂው። አማርኛም እንደ ኮሪያኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «የመጣው ሰው» ስንል ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ ኮሪያኛም እንደዚያው። «በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኛ» እያልን ግስ በግስ እንቀጥላለን፤ እነሱም ይቀጥላሉ። አንዱ ከሴም ቤተሰብ ነው፣ ሌላው ዝምድናው ያልተለየ። ታዲያ ይህን ያህል ለምን ተመሳሰሉ? የትስ ላይ ይለያያሉ? ለማስተርስ ጥናት ጥሩ ጥያቄ ነው።

ድምፅ ላይም አለልሽ። ኮሪያኛ «ጨረቃ»፣ «ሴት ልጅ» እና «ጭንብል» የሚሉትን ቃላት የሚለየው በመጀመሪያው «ተ» መሰል ድምፅ ብቻ ነው። ለስላሳው ጨረቃ፣ የጠበቀው ሴት ልጅ፣ ትንፋሽ ያለው ጭንብል። አማርኛ ተናጋሪ የጠበቀውን ሲሰማ «ጠ» ነው ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። «ጠ» ስንል ጉሮሯችን ይዘጋና ከላዩ ያለውን አየር ገፍተን እናወጣለን። ኮሪያኛው ግን አየሩን የሚያመጣው ከሳንባ ነው፤ ጉሮሮው ጠበቅ ይላል እንጂ አይገፋም። ኪም ቺንዉ በ1965 እና በ1970 ስለነዚህ ድምፆች የጻፋቸው ሁለት ጽሑፎች ስለ ትንፋሽ ድምፅ ዓለም ያሰበውን ለውጠዋል። «ጠ» በአፉ ያለው ሰው ግን ይህን ንጽጽር ከማንም በተሻለ ሊሠራው ይችላል።

ስለ እንጀራው እውነቱን ልንገርሽ። ኮሪያኛ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል። የኮሪያኛ ሥነ ልሳን ፕሮፌሰርነት ግን በየትም አገር ጥቂት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥሩ የቋንቋ አስተማሪ ሁኚ፣ የኮርፐስ ሥራም ልመጂ። ኮሪያ ከ1998 እስከ 2007 «ሴጆንግ» የሚባል ትልቅ የጽሑፍ ክምችት ሠርታለች። እሱን መመርመር መቻል ዛሬ የግድ ነው። ከቻልሽ የጥንቱን ቻይንኛም ጀምሪ። ከ20ኛው መቶ ዘመን በፊት የኮሪያ መንግሥት መዝገብ አብዛኛው የተጻፈው በሱ ነው። እሱን ሳይዙ የኮሪያኛን ታሪክ ማጥናት ግዕዝ ሳያውቁ የአማርኛን ታሪክ እጽፋለሁ እንደማለት ነው።

መንገዱ አለ። የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያውያንም ክፍት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ ያስተምሩሻል። ወደ ዲግሪው ለማለፍ ስድስት ደረጃ ባለው ቶፒክ በሚባለው የኮሪያኛ ችሎታ ፈተና ሦስተኛውን ማምጣት አለብሽ። በደንብ የምታነቢ ከሆነ ከዚያ በላይ ይዘሽ ሂጂ። በ1978 የተቋቋመው የኮሪያ ጥናት አካዳሚም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አለው፤ ታሪክ ለሚወድ ሰው ጥሩ ቦታ ነው። ርዕስ ካጣሽ ደግሞ የጄጁ ደሴትን ቋንቋ ተመልከቺ። ዩኔስኮ በ2010 ሊጠፋ የተቃረበ ብሎ መዝግቦታል። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚቀዳና የሚተነትን ሰው አሁን ነው የሚያስፈልገው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስለ መጽሐፉ አያያዝ። የማርቲንን ትልቁን ሰዋስው ከገጽ አንድ አትጀምሪው፤ ያስጠላሻል። ሁለተኛው ክፍል የኮሪያኛን ቅጥያዎችና መጨረሻዎች በላቲን ፊደል ተራ የደረደረ ነው። ስታነቢ ያልገባሽ የግስ መጨረሻ ሲያጋጥምሽ እዚያ ፈልጊው። ለዚህ የዬል አጻጻፍን መልመድ አለብሽ፤ ቅድም አንድ ሳምንት ታገሺው ያልኩሽ ለዚሁ ነው።